የኮከቡ ሰውዬና ያጠፋኋቸው ስሞች

ባለፈው ክረምት አንዲት የኮንትራት ሥራ አገኘሁ። ስትታይ ቀላል ነበረች። የአንድ የሴቶች ቁጠባ ማኅበር አባላት ስም ዝርዝር አለ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች በስልካቸው የሞሉት። የእኔ ድርሻ ማጽዳት ብቻ ነው። ስሙ ባንክ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ብሩ አይገባም፤ ስለዚህ ትርፍ ነገር ሁሉ መውጣት አለበት። በስልክ ሲጻፍ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፦ ሁለት ሦስት ክፍት ቦታ፣ የትም የተጣለ ነጥብ፣ ኮማ፣ አንዱ ስም ጫፍ ላይ እንዲያውም ቀይ ልብ ተቀምጣለች።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋትን አንዲት መስመር ኮፒ አደረግኩ። ትርጉሟ ከኤ እስከ ዜድ ካሉት ፊደላት፣ ከቁጥርና ከክፍት ቦታ ውጭ ያለውን ሁሉ አጥፋ ነው። ተጫንኩ። የስሙ ዓምድ ሙልጭ ብሎ ባዶ ሆነ! ለዚያች መስመር የግዕዝ ፊደል በሙሉ ቆሻሻ ነበር። እሺ፣ እሱን መለስኩት። ቀጥዬ የራሴን ጻፍኩ፦ [^ሀ-ፚ ]። ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያለችው ባርኔጣ የመሰለች ምልክት «ካልሆነ» ማለት ናት። ከሀ እስከ ፚ ያለ ፊደል ወይም ክፍት ቦታ ካልሆነ አጥፋው። ዝርዝሩ አማረበት። ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኩና ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ገ/ማርያም የነበረው ገማርያም ሆኗል። ወ/ሚካኤል ወሚካኤል፣ ኃ/ሥላሴ ኃሥላሴ። እዝባሯን እኔው ነኝ ከቆሻሻው ጋር ጠርጌ የጣልኳት። የድሮው ፋይል ደግሞ የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምወቅሰው ሰው ፍለጋ ገባሁ። ይሄን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባል ነገር ማን ነው የፈጠረው? አገኘሁት። እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ አሜሪካዊ የሂሳብ ሊቅ ነው፤ ሲፈጥረውም ጽሑፍ ይጸዳበታል ብሎ አልነበረም። ልወቅሰው ሄጄ ወድጄው ተመለስኩ።

ስቴፈን ኮል ክሌይኒ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1909 በኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ግጥም ትጽፍ ነበር። አባቱ ደግሞ እዚያው ሃርትፎርድ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ምን አስተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው? ኢኮኖሚክስ! ይቺን ሳነብ በሌሊት ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ልጁ ግን የአባቱን መንገድ አልተከተለም። ልቡ ያለው ሜይን ግዛት ውስጥ ባለው የቤተሰቡ እርሻ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት ኖሯል። ተራራ መውጣትና በእግር ረጅም መንገድ መሄድ የሚወድ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያየው ሰው ብዙውን ጊዜ «ክሊን» ብሎ ነው የሚያነበው፤ «ንጹሕ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ። እሱ ራሱ ግን «ክሌይኒ» ነበር የሚለው። ልጁ በኋላ እንደጻፈው ይህ አነባበብ በየትኛውም የታወቀ ቋንቋ ትክክል አይደለም፤ አባቱ ራሱ የፈጠረው ሳይሆን አይቀርም። እና ስለ ማጽዳት በምጽፈው ጽሑፍ ሰውዬው ስሙ «ንጹሕ» መምሰሉ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

በ1930 ከአምኸርስት ኮሌጅ ተመርቆ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጊዜውን አስቡት። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ዓመት አልሞላውም፣ ባንኮች በየተራ እየተዘጉ ነው፣ ሥራ አጡ ጎዳናውን ሞልቶታል። ፕሪንስተን ውስጥ ደግሞ ጥቂት ወጣቶች አሎንዞ ቸርች የሚባል መምህር ከበው ቁጥር ማለት ምንድን ነው፣ ማስላት ማለትስ ምንድን ነው ብለው ይከራከራሉ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ቅንጦት የሚለው ቃል ነው። እኔም አልኩት። ግን እነሱ ያኔ ያደርጉት የነበረው ነገር ባይኖር ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ ባላነበባችሁ።

ቸርች ላምዳ ካልኩለስ የሚባል አጻጻፍ ፈጥሮ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ትዕዛዝ ነው፤ ቁጥር እንኳ ሳይቀር። ሦስት ማለት አንድን ነገር ሦስት ጊዜ አድርግ ማለት ነው። መደመር በዚህ አጻጻፍ ቀላል ነው፣ ማባዛትም ቀላል ነው። አንድ መቀነስ ግን አልሆነም። አምስት ስጡትና አራት ይመልስ፤ ይቺው ናት ጥያቄዋ። አንድ ነገር አምስት ጊዜ አድርግ የሚል ትዕዛዝ ይዛችሁ አንዷን ጊዜ ከየት ታወጣላችሁ? ቸርች ራሱ አይቻልም ወደሚለው አዘንብሎ ነበር።

በ1932 መጀመሪያ ገደማ ወጣቱ ክሌይኒ የአእምሮ ጥርሱን ሊያስነቅል ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። መልሱ የመጣለት እዚያ ነው። (ጥርሱ ሲነቀል መቀነስ ገባው እያሉ ይቀልዱበታል፤ ማን ይተዋል እንዲህ ያለ ቀልድ!) ዘዴውን በእኛ ሰፈር ቋንቋ ልሞክረው። ሁለት ልጆች ደረጃ ይወጣሉ። የፊተኛው አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የኋለኛው የፊተኛው ቆሞበት የነበረው ላይ ይቆማል። የፊተኛው አምስተኛው ላይ ሲደርስ የኋለኛው አራተኛው ላይ ነው። በቃ፣ የኋለኛውን ጠይቁት። ማንም ምንም አልቀነሰም። ወደ ላይ እየቆጠሩ፣ ከአሁኑ በፊት የት እንደነበሩ መያዝ ብቻ ነው። እኔ ይሄን ያነበብኩት ዋናውን ፋይል ላዩ ላይ ሴቭ ባደረግኩ በአራተኛው ቀን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ቀልድ አልነበረም። ክሌይኒ በቸርች ሥርዓት ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን ሠርቶ በ1934 ተመረቀ። በ1935 እሱና ጆን ባርክሊ ሮሰር የተባለ ሌላ የቸርች ተማሪ አንድ ነገር አሳተሙ፦ የመምህራቸው ሥርዓት በውስጡ የሚጋጭ ነው። የፈለጋችሁትን ነገር፣ ሐሰቱንም ጭምር፣ በእሱ ማረጋገጥ ይቻላል። እስቲ አስቡት፣ መመረቂያ ጽሑፍህ የቆመበትን መሬት ራስህ ስትቆፍረው! ቸርችም አልተቀየመም፤ ወይ ሙሉውን አልጣለም። የሚጋጨውን ክፍል ቆርጠው አወጡት፣ ስለ ትዕዛዝና ስለ ስሌት የሚናገረው ክፍል ደህና ሆኖ ተረፈ። ዛሬ ላምዳ ካልኩለስ የሚባለው ያ የተረፈው ነው፤ ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ላምዳ የምትሏት ነገር ከዚያ ነው የመጣችው።

በዚያው 1935 ክሌይኒ በማዲሰን ከተማ ባለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። የሚቀጥሉትን ዓመታት በፍጥነት ላልፋቸው። በ1942 ናንሲ ኤልየት የምትባል ሴት አገባ፤ አራት ልጆች ወለዱ። በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ኒው ዮርክ ውስጥ ለዕጩ መኮንኖች የመርከብ አቅጣጫ ስሌት አስተማረ፣ ከዚያም ዋሽንግተን በባሕር ኃይሉ የምርምር ላቦራቶሪ ሠራ። በ1946 ወደ ማዲሰን ተመለሰ። በ1952 ያሳተመው የሎጂክ መማሪያ መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የዘርፉ ተማሪዎች ሁሉ የሚያልፉበት በር ነበር።

የእኛ ጉዳይ ያለው 1951 በጋ ላይ ነው። ክሌይኒ ለእረፍት ጊዜው ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ሄደ፤ ራንድ የሚባል የምርምር ድርጅት ጋብዞት። እዚያ አንድ የቆየ ጽሑፍ ሰጡት። ዋረን መካለክ የሚባል የነርቭ ተመራማሪና ዋልተር ፒትስ የሚባል ዲግሪ የሌለው የሃያ ዓመት ልጅ በ1943 ያሳተሙት ነው። ሁለቱ የአንጎልን ሕዋስ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ቆጥረውት ነበር፤ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። ብዙዎቹን አያይዛችሁ መረብ ብትሠሩ ምን ዓይነት ነገር ሊያስብ ይችላል የሚል ጥያቄ ነው። (የዛሬው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚኩራራበት ኒውራል ኔትወርክ ቅድመ አያቱ ይህ ጽሑፍ ነው።)

ክሌይኒ ጥያቄውን አጠበበው። መረቡ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ቁጥራቸው ውስን ነው። ከውጭ ምልክት በየተራ ይገባል፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መረቡ የትኛውን የምልክት ቅደም ተከተል አይቶ «ይህቺን አውቃታለሁ» ማለት ይችላል? መልሱ የሚገርም ነው። ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቃሉ። አንደኛው «ይህ ወይም ያ»። ሁለተኛው «ይህ፣ ቀጥሎ ያ»። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ፣ ስንትም ጊዜ ይደጋገም»። በእነዚህ ሦስቱ የሚገለጽ ቅደም ተከተል ሁሉ በውስን መረብ ይታወቃል፤ በውስን መረብ የሚታወቅ ሁሉም በእነዚህ ሦስቱ ይገለጻል። ከሁለቱም ወገን አረጋግጦታል።

ለሦስተኛው፣ ለድግግሞሹ፣ ኮከብ ነበር የሰጠው፦ *። እስከ ዛሬ የክሌይኒ ኮከብ ይባላል። እኛ ቴሌግራም ላይ ስንስቅ ሀሀሀሀሀሀ እያልን አይደል የምንጽፈው? አንዱ ሦስት ሀ ይጽፋል፣ አንዱ አሥራ ሰባት። ለኮምፒውተር ሁሉንም ሳቅ በአንድ ጊዜ ማሳየት ስትፈልጉ ሀሀ* ብላችሁ ትጨርሳላችሁ፤ አንድ ሀ፣ ከኋላዋ ስንትም ሀ። በጣምምምምም የሚለውን ወደ በጣም መመለስ ከፈለጋችሁም መንገዱ ይኸው ነው፦ ምም*ን ፈልግ፣ በአንዲት ም ተካ።

ኮከቧ ግን አንድ ተንኮል አለባት። «ስንትም» ስትል ዜሮንም ትቆጥራለች። ክሌይኒ መጀመሪያ ሲጽፋት ምልክቷን በሁለት ነገሮች መሐል ነበር የሚያስገባት፤ ግራው ስንትም ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ የግድ ቀኙ፤ ስለዚህ ባዶ የሚባል ነገር አይገጥመውም ነበር። ብቻዋን እንድትቆም ያደረጓት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ድርብ ክፍት ቦታን ወደ አንድ ለመቀነስ ክፍት ቦታና ኮከብ ጽፌ በአንድ ክፍት ቦታ ተካሁት። በየሁለቱ ፊደል መካከል ደግሞ ዜሮ ክፍት ቦታ አለ! ሰላም ተብሎ የተጻፈው ሰ ላ ም ሆኖ ወጣ። የዝርዝሩ ስም ሁሉ ፊደል እየቆጠረ የሚማር ልጅ የሚያነበው መሰለ።

አንድ ሌላ ነገርም ከዚያ በጋ ወጥቷል፤ የማይቻለው የቱ እንደሆነ። ውስን መረብ ውስን ትውስታ ነው ያለው። ስንት ቅንፍ እንደተከፈተ ቆጥሮ ያንኑ ያህል መዘጋቱን ማረጋገጥ፣ ቅንፉ እየበዛ ከሄደ፣ አይችልም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፦ ጣቶቹ አሥር ብቻ የሆኑ ሰው አሥራ አንደኛው ላይ ይጠፋበታል። ብዙ ፕሮግራመር ዛሬም ይሄን ረስቶ ከሬጉላር ኤክስፕሬሽን ጋር ሲታገል ያድራል።

እና ስሙስ? ክሌይኒ እነዚህን ቅደም ተከተሎች «ሬጉላር» አላቸው፤ ስሙን ግን ራሱም አልወደደውም። እዚያው ጽሑፉ ውስጥ የተሻለ ስም ያለው ሰው ካለ በደስታ እንደሚቀበል ጽፏል። ማንም የተሻለ አላመጣም። ጽሑፉ በዲሴምበር 1951 ለራንድ የውስጥ ማስታወሻ ሆኖ ገባ፣ በ1956 ክላውድ ሻነንና ጆን ማካርቲ ባዘጋጁት መድበል ውስጥ ታተመ፣ ስሙም በዚያው ጸና። በአማርኛ «መደበኛ አገላለጽ» ብዬ ብተረጉመው የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይመስላል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። እናንተ የተሻለ ካላችሁ ግን የእሱ ግብዣ አሁንም ያልተዘጋ ነው።

ከነርቭ ወደ ጽሑፍ ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ኬን ቶምሰን የተባለው የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በ1968 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የክሌይኒን አጻጻፍ ወስዶ ኮምፒውተር ጽሑፍ ውስጥ እንዲፈልግበት አደረገ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንድ ባልደረባው ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት የተጻፉ የድሮ ጽሑፎችን ደራሲ ለመለየት ሲመረምር ጽሑፉ ለማረሚያ ፕሮግራሙ በዛበት፤ ቶምሰን የፍለጋውን ክፍል ብቻ ነጥሎ አወጣለት። ግሬፕ ትባላለች፤ ዛሬም ትሠራለች። የስሟን አመጣጥ ሳነብ ግን ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ። በማረሚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ትዕዛዙ የሚጻፈው በፊደሎቹ መካከል ሁለት እዝባር ገብቶ ነበር። እዝባሮቹ ወጡ፣ የቀረው ተገጣጠመና ግሬፕ ሆነ። ገ/ማርያም ገማርያም እንደሆነው! እነሱ ሲያደርጉት ታሪክ ነው፣ እኔ ሳደርገው ስልክ ይደወልብኛል።

ከዚያ በኋላ ኮከቧ ያልገባችበት ቤት የለም። ስልክ ቁጥራችሁን አፕ ላይ ስትሞሉ አንዱ +251 ብሎ ይጀምራል፣ አንዱ 09 ይላል፣ አንዱ በየሦስቱ ቁጥር ሰረዝ ያስገባል። ከጀርባ ያለችው መስመር ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ ታጠፋለች፣ ከመጨረሻ ዘጠኙን ትወስዳለች፣ በ9 ወይም በ7 መጀመሩን ታያለች። ጥሩ ሥራ ነው። አፑ የአማርኛ ስማችሁን አልቀበልም ሲላችሁም ያቺው መሣሪያ ናት፤ የጻፋት ሰው ፊደል ማለት ከኤ እስከ ዜድ ነው ብሎ ስላሰበ ብቻ። ክሌይኒ የሰጠው «የምትፈልገውን ግለጽ» የሚል ቋንቋ ነው። ያልተገለጸው ምን ይሆናል የሚለው የገላጩ ዕዳ ነው።

እሱ ራሱ በዚህ ጊዜ ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍና ሳይንስ ኮሌጅ ዲን ሆነ። የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ግቢውን ያናወጠበት ወቅት ነው፤ በኦገስት 1970 የጦር ሠራዊቱ የሂሳብ ምርምር ማዕከል ያለበት ሕንጻ በቦምብ ተመትቶ አንድ ተመራማሪ ሞቷል። ከእኩልታ በቀር ነገር የማያውቅ ፕሮፌሰር በዚያ ሰዓት ዲንነት ይቀበላል ብዬ አልጠብቅም ነበር፤ ክሌይኒ ተቀበለ። በ1979 ጡረታ ወጣ። በ1990 የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ብሔራዊ ሜዳይ ተሸለመ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1994 በማዲሰን፣ በ85 ዓመቱ አረፈ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚያውቁት ቁጥር ያገኘው፣ ማለትም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1999 ነው። ከሀ እስከ ፚ ብዬ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ወደ ዝርዝሬ ልመለስ። የጠፋውን እዝባር ለመመለስ የጻፍኳት መስመር የክሌይኒን «ይህ ወይም ያ» የምትጠቀም ናት፦ [ገወተሀሐኀሃሓኃ](ማርያም|ሚካኤል|ሥላሴ|ስላሴ)። ከእነዚህ ፊደሎች አንዷ፣ ቀጥሎ ከእነዚህ ስሞች አንዱ። ሀ ስድስት ሆና የመጣችው አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ስለሚጽፍ ነው። በዚህ ብዙው ተገኘ። ግን አንዳንዷ ባንክ ያስመዘገበችው ገብረማርያም ብላ በሙሉ ይሆናል፣ ሌላዋ ገ/ማርያም ብላ። ተማርያም ላይ ስደርስማ ጭራሽ ተያዝኩ። ተክለማርያም ነው? ተስፋማርያም? እዝባሯ ኖራም ቢሆን ይሄን አትነግረኝም ነበር። የክሌይኒም ኮከብ አትነግረኝም።

ስለዚህ ስልክ አነሳሁና አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። የተማርያም ባለቤት የሆኑት እናት ገበያ ላይ ነበሩ መሰለኝ፣ ጫጫታ ይሰማል። ይቅርታ ጠይቄ የአባትዎ ስም ተክለማርያም ነው ወይስ ተስፋማርያም አልኳቸው። ሳቁ። አባታቸው ተክለማርያም ናቸው፤ ባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ልጃቸውን ጠርተው ደብተሩን አስነበቡልኝ። ልጅቷ ፊደል በፊደል ነገረችኝ፦ ተ፣ ከዚያ ጋደል ያለች ሰረዝ፣ ከዚያ ማርያም።

ከነእዝባሯ ጻፍኳት። ፋይሉን በአዲስ ስም ነው ሴቭ ያደረግኩት።